ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ይቋረጣል? ከጥርጣሬ እስከ ሕክምና ምርጫ

አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት። ጭነት ይዘው የሚያልፉ፣ ጋቢና ውስጥ የሚያድሩ ሹፌሮች አይጠፉባትም። ይህን ስጽፍ ቀድመው የሚታሰቡኝ እነሱ ናቸው፤ ይህ ሕመም ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥላልና።

ማንኮራፋት ብቻውን በሽታ ላይሆን ይችላል። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ ትንፋሽ ሲጠፋ፣ ከዚያ ሰውየው ታንቆ እንደተለቀቀ አየር ሲስብ ግን ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉትን መጠርጠር ያስፈልጋል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ የአየር መተላለፊያውን እስኪዘጋው ድረስ ይላላል። ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ይቀሰቅሳል፣ ጉሮሮ ይከፈታል፣ ሰውየው መንቃቱን እንኳ ሳያውቅ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሳል። ሳይታከም ሲቆይ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል።

1. ምስክር ያግኙ

ታማሚው ትንፋሹ ሲቆም ራሱን አያይም። ስለዚህ ባለቤትዎን፣ አንድ ክፍል የሚያድር ወንድምዎን፣ ሹፌር ከሆኑም ረዳትዎን ይጠይቁ፦ «ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል ወይ?» ረዳት ጋቢና ውስጥ አብሮ ሲያድር ይሰማል፤ አለቃውን ላለማስቀየም ብሎ ግን ዝም ሊል ይችላል። እውነቱን እንዲናገር ያደፋፍሩት፣ በስልክም ጥቂት ደቂቃ እንዲቀርጽዎ ያድርጉ። ጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ፣ ቁጭ ባሉበት ማንጎላጀት፣ መርሳትና ግልፍ ማለት ካለ ይጻፉት። «ዱካክ ነው የተጫነኝ» ብሎ የሚያልፈውም አለ። ዱካክ ሲጫን ሰው ነቅቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ጠዋትም ያስታውሰዋል፤ ስሊፕ አፕኒያን ግን አብዛኛው ታማሚ ሰው ካልነገረው አያውቀውም።

2. ከምስክርዎ ጋር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ

አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ወይም የሚቀርብዎ ሆስፒታል ሄደው የውስጥ ደዌ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ያማክሩ። ከፍተኛ ውፍረት፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲሜትር የበለጠ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድ መሆንና የደም ግፊት ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ። ቀጭን ሰውንም ይይዛል፤ ሴቶችን ደግሞ በተለይ ካረጡ በኋላ። በርካታ የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊትዎ አልወርድ ካለ ይህንንም ያንሱ። ጫት፣ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ካለ አይደብቁ።

3. ሳይለኩ አየር የሚገፋውን ማሽን (ሲፓፕ) አይግዙ

አጥብቄ የምለምነው ይህንን ነው። ሕክምናው የሚመረጠው በልኬት ነው፦ ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ እንደሚቆም ወይም በጣም እንደሚቀንስ ይቆጠራል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ምርመራው ሆስፒታል በማደር፣ ወይም ጣትና አፍንጫ ላይ የሚያያዝ አነስተኛ መሣሪያ ቤት ወስዶ በመተኛት ይሠራል። ፋርማሲ የሚሸጠው የጣት ኦክስጅን መለኪያ ፍንጭ ቢሰጥም ብቻውን አይበቃም። ምርመራው በአቅራቢያዎ ካልተገኘ ሪፈር ያስጽፉ፤ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

4. ውጤቱን ሳይጠብቁ የሚጀመር

በጎን ይተኙ። ወደ ጀርባ የሚገለበጡ ከሆነ ከነቴራ ጀርባ ላይ ትንሽ ኳስ ይስፉበት። ከመተኛትዎ በፊት አልኮል ይተዉ። ቀን ጫት ቅሞ ማታ በጨብሲ መስበር በሁለት በኩል ይጎዳል፦ ጫቱ እንቅልፍ ያባርራል፣ መጠጡ ደግሞ ጉሮሮውን የባሰ ያላላዋል። ውፍረት ላለው ሰው ከክብደቱ 10 በመቶ መቀነስ የመቋረጡን ቁጥር በሩብ ያህል ሊያወርድ ይችላል።

እየነዱ የሚያንጎላጁ ከሆነ እስኪታከሙ ድረስ አይንዱ። ቡና ለጥቂት ጊዜ ያነቃል እንጂ ያጡትን እንቅልፍ አይመልስም። መንገድ ላይ ከያዘዎት ጥግ ይዘው ይተኙ፤ ጭነቱ ቢዘገይ ይሻላል።

5. ሕክምናውን ከሐኪሙ ጋር ይምረጡ

ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ ቀዳሚው ሲፓፕ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ይህ ማሽን በማስክ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርጋል። ለቀላልና ለመካከለኛ ደረጃ፣ ወይም ሲፓፕ ለማይስማማው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚስብ በጥርስ ሐኪም ልክ የሚሠራ የአፍ መሣሪያ አለ። ቶንሲሉ ላበጠ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ቀዶ ሕክምና ነው። በአዋቂ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚረዳው ተመርጦ ነው። ቲርዜፓታይድ የተባለው ክብደት የሚቀንስ መርፌም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

6. ከሲፓፕ ጋር መኖር

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ብዙ ሰው የሚተወውም ያኔ ነው። ቀን ቴሌቪዥን እያዩ ማስኩን በማድረግ ይለማመዱ። አየር የሚያሾልክ ከሆነ ቀበቶውን ከማጥበቅ በፊት የማስኩን መጠን ያስቀይሩ። ማሽኑ በየሌሊቱ፣ እንቅልፍ ባለበት ሰዓት ሁሉ መደረግ አለበት።

መብራት ሲጠፋ ማስኩን አውልቀው በጎን ይተኙ። መጥፋቱ ከተደጋገመ ባትሪ ያዘጋጁ፤ አየሩን በሙቀት የሚያረጥበው ክፍል ብዙ ኃይል ስለሚበላ በባትሪ ሲሠራ ይጥፋ። ለጋቢና ደግሞ ለዚያው ማሽን የተሠራ መቀየሪያ ይግዙ፤ የከባድ መኪና ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት መሆኑን አይርሱ። አዳማ ነፋሻማ ናት፣ አቧራም አለ፤ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ይዩት። ለማርጠቢያው በትነት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ ይጠቀሙ፣ ማስኩን በለስላሳ ሳሙና ይጠቡ።

ዘመድ ከውጭ ያገለገለ ማሽን ቢልክልዎ ግፊቱን ሐኪም በእርስዎ ልክ ያስተካክለው። ከአምራቾቹ አንዱ የሆነው ፊሊፕስ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ውስጡ ያለው የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ እየተፈረፈረ በመገኘቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖችን ሰብስቧል፤ ስለዚህ ሞዴሉንና የተሠራበትን ጊዜ ያጣሩ።

ክብደትዎ ብዙ ከቀነሰ ወይም ከጨመረ ልኬቱ ይደገም። ለማናቸውም ቀዶ ሕክምና ሲገቡ ደግሞ ስሊፕ አፕኒያ እንዳለብዎ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ፤ ማደንዘዣም ጉሮሮን ያላላል። ማሽንዎን ይዘው ይግቡ።