ሊድ ኤፕረን ስንገዛ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

አዳማ ውስጥ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ሊድ ኤፕረን (እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት፣ የራጅ ጨረር የሚከላከል ሽርጥ) ለብሳችሁ ኦፕራሲዮን ክፍል ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆሜያለሁ። ሳወልቀው ሸሚዜ ቢጠመዘዝ ውሃ ይወጣው ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ጋ ነው፤ «ወፍራሙ ይሻላል» ብሎ መግዛት። የተለመዱት 0.25፣ 0.35 እና 0.5 ሚሊሜትር ናቸው። ቁጥሩ የጨርቁ ውፍረት አይደለም፤ መከላከል አቅሙ ከስንት ሚሊሜትር እርሳስ ጋር እኩል እንደሆነ ነው የሚናገረው። ሲ-አርም (ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የምንጠቀምበት የራጅ ማሽን) አጠገብ ለሚውል ሰው ከፊት 0.5 ቢሆን ደግ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚገባና ራቅ ብሎ ለሚቆም ግን ቀለል ያለው ሊበቃ ይችላል። ከብዷቸው የማይለብሱት ኤፕረን ግድግዳውን ነው የሚጠብቀው።

ክብደት ካስቸገረ ሰደሪያና ጉርድ ሆኖ የሚመጣውን ተመልከቱ። ሸክሙ ከትከሻ ወደ ወገብ ይወርዳል። ግን ልብ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ 0.5 የሚሆነው ሁለት 0.25 ሲደራረቡ ነው። ጠባብ ገዝታችሁ ካልተደራረበ፣ የቀረላችሁ ግማሹ ነው። «ለሁሉም የሚሆን» የሚባል ልክ የለም። ቀጭኗ ልጅ ሰፊውን ስትለብስ በብብቷ በኩል ጡቷ ይጋለጣል። ለብሳችሁ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ሞክሩት።

ሊድ አልባ የሚባሉት፣ በእርሳስ ፋንታ እንደ ቢስመዝና አንቲሞኒ ያሉ ንጥረ ነገሮች ያለባቸው፣ በእርግጥ ይቀላሉ። ሻጩን ግን «በስንት ኪሎቮልት ተለክቶ ነው 0.5 ያላችሁት?» በሉት። መከላከል አቅማቸው ከኪሎቮልቱ፣ ማለትም ራጁ ከሚነሳበት የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ይለዋወጣል።

የአንገት መከላከያውን መርሳትም አለ። ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ አንገት ላይ ነው፣ ኤፕረኑ ደግሞ አንገት አይሸፍንም። በቃ፣ አብራችሁ ግዙ።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ያገለገለ ኤፕረን ሳይፈትሹ መቀበል ነው። አንድ ቦታ ስሠራ ከውጭ ሲታይ አዲስ የሚመስል መጣልን። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ራጅ አነሳነው። በነጩ መሐል፣ ልክ ታጥፎ የኖረበት ቦታ ላይ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጠቁ ጥቁር መስመሮች ወጡ። ጨረሩ በዚያ እያለፈ ነው ማለት ነው። አዲሱንም ቢሆን ሥራ ሳይጀምር፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲህ ፈትሹት።

ከኤፕረኑ ጋር ጠንካራ መስቀያ ግዙ። ከሌለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ አስተኙት። ወንበር ላይ አጥፋችሁ አትጣሉት።