የአሉሚኒየም ፑሊ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ሲሆን

ፑሊው (ቺንጋ የሚዞርበት መንኮራኩር) ከአሸዋ ፎርማ፣ ማለትም የቀለጠው ብረት ከሚፈስበት ቅርጽ፣ ሲወጣ ላዩ ደህና ነው፤ ቶርኖ (ዕቃውን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ ሲገባ ግን ውስጡ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። በመጋዝ ቆርጦ ማየት ነው። ቀዳዳው ሻካራና የተቦጫጨቀ ከሆነ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሯል፤ ከዕቃው የወፈረ መጋቢ አምድ (ዕቃው ሲኮማተር የቀለጠ ብረት የሚያቀብለው) ፎርማው ላይ መጨመር ይበቃል። ክብና ለስላሳ ከሆነ ጋዝ ነው። የዚህኛው ጋዝ ነበር።

ጋዙ ሃይድሮጅን ነው፣ ምንጩም እርጥበትና ዘይት፦ በክረምት ከምናለሽ ተራ የተገዛ ዝናብ የመታው ቁርጥራጭ፣ ዘይት ያልለቀቀው ፒስተን፣ የረጠበ ከሰል። ቁርጥራጩን በሳሙና አጥቦ እምድጃው አፍ ላይ በደንብ ማድረቅ ችግሩን አስወገደ። እርጥብ ቁራጭ ቀልጦ የቆየው ላይ ከተጣለ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ፊት ላይ ይረጫል፤ በዚህ ቀልድ የለም። ወለሉም ሲሚንቶ ሳይሆን ደረቅ አሸዋ ይሁን።

ሁለተኛው ጥፋት ሙቀት ማብዛት ነው። ንጹህ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ከ700 እስከ 740 ባለው መቅዳት ነው። ከዚያ በላይ በጋለ ቁጥር ሃይድሮጅን ይጠጣል። ማማሰል አያስፈልግም፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ አረፋ ከመቅዳት በፊት አንዴ መግፈፍ።

ፒስተንና ቴስታታ (የሞተር ራስ) ሲሊከን ስላላቸው በደንብ ፈስሰው ፎርማውን ይሞላሉ፤ ቁራሌው የሚያመጣው የለስላሳ ጣሳ ስስ ስለሆነ ብዙው አረፋ ሆኖ ይቀራል። ቴስታታን በቀዝቃዛው መደብደብ ከንቱ ድካም ነው፤ ሊቀልጥ ሲቃረብ በመዶሻ ይፈረካከሳል። አሉሚኒየም ግን ሊቀልጥ ሲል ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ቡሎንና የፒስተን የብረት ቀለበት አስቀድሞ ይውጣ። ያጠራጠረ ቁራጭ ተፍቆ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብበት ከፈላ ማግኒዥየም ነው፤ ይቃጠላልና እሳት አጠገብ አይድረስ።