«ጌሙ ነው ያበላሸው» ከማለታችሁ በፊት

ልጁ ታናሽ እህቱን ገፈተረ እንበል። ወይ ትምህርት ቤት ተደባድቦ መጣ። ካዛንቺስ ሆነ ፒያሳ፣ የቤቱ ፍርድ ያው ነው፦ «ይሄ ጌም ነው ያበላሸው!» ከዚያ ስልኩ ይቀማል፣ ቤቱ ሁለት ቀን ያኮርፋል፣ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ይመለሳል። በዚህ መሀል ወላጆች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች አሉ።

አንደኛ፣ ተኩስ ያለበት ጌም ልጅን ወንጀለኛ ያደርጋል ብሎ መደምደም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ እንዲህ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ግንኙነት አለ ያለው ከትንንሾቹ ነገሮች ጋር ነው፤ ከመጮህ፣ ከመገፋተር። እሱንም መጠኑ ትንሽ ነው ብሏል።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ግልባጭ ነው። «ጌም እኮ ነው፣ ምን ያደርገዋል?» የሚል አጎት በየቤቱ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ትንተና 24 ጥናቶችን፣ ከ17 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን ይዞ ሲያይ፣ ተኩስና ድብድብ ያለበት ጌም የሚጫወቱት ልጆች ውለው አድረው በመጠኑ ወደ መደባደብ ያዘነብላሉ ብሏል። በዓመቱ ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አንድ ሺህ ገደማ የ14 እና የ15 ዓመት እንግሊዛውያንን አጥንተው ምንም ግንኙነት አላገኘንም አሉ። ተመራማሪዎቹ ገና እየተከራከሩ ነው፤ አጎትየው ግን ጨርሷል።

ሦስተኛው ዕድሜን አለማየት ነው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው። አብዛኛው የአውሮፓ አገር ውስጥ የሚሸጥ ጌም ሽፋኑ ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር አለው፤ ከዚያ ዕድሜ በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። የኳሱ ጌም የፊፋ ቁጥር 3 ነው። የወንጀለኞቹ ጌም የጂቲኤ 5 ግን 18 ነው፤ ሰው የማሰቃየት ትዕይንት ሁሉ አለበት። እኛ ጋ ጌሙ ብዙ ጊዜ ሽፋን የለውም፣ ከሰው ተገልብጦ ወይም ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ እናትም ምንድነው ብላ ስትጠይቅ «መኪና የሚነዳበት ነው» ትባላለች። ውሸት አይደለም፣ መኪና ይነዳበታል! ስሙን ጠይቁና ኢንተርኔት ላይ ደረጃውን እዩ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አራተኛውን ብዙ ሰው እንደ ስህተት አይቆጥረውም፦ ጨዋታ መሀል ገብቶ ማጥፋት። ፓብጂን የመሰለ ጌም እስከ መቶ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ የመጨረሻው አሸናፊ እስኪቀር እየተታኮሰ የሚጫወተው ነው፣ አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ሊደርስ ይችላል፣ በመሀል ማቆም የሚባል ነገር የለም። ልጁ የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ውስጥ ገብቶ ሳለ ስልኩን ስትነጥቁት ይጮሃል፤ እናንተም «አያችሁ፣ ጌሙ አውሬ አደረገው» ትላላችሁ። ሃያ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ «ይህችን ዙር ጨርስና በቃ» ብትሉት ኖሮ ግማሹ ጠብ ባልተነሳ። መብራት ሲጠፋ ይናደዳል እንጂ ማንንም አያኮርፍም፣ ሰው ሲነጥቀው ነው ነገሩ የሚከረው።

ደግሞ ልጅን የሚያናድደው ሁልጊዜ ደሙና ጥይቱ አይደለም። ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዘው ደም ያለበትን ጌም ከመኪና ውድድር ጋር አወዳደሩ፣ የሁለቱን ፉክክርና ፍጥነት እኩል አድርገው ማለት ነው፤ ጠበኝነት ላይ ልዩነት አላገኙም። ፉክክሩ ሲበረታ ግን ጠበኝነቱም ይጨምር ነበር። ይህን ለማየት ካናዳ መሄድ አያስፈልግም። ፊፋ ላይ አምስት ለዜሮ የተሸነፈ ልጅ ጆይስቲኩን ሲወረውር አይታችሁ አታውቁም? አንድ ጥይት እንኳ አልተተኮሰም እኮ።

ብዙ ስለተጫወተ ብቻ «ሱሰኛ ሆኗል» ማለትም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ መዝገቡ አስገብቶታል፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮም ይሠራበታል። ግን የሚፈለገው ልጁ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ትምህርቱና ኑሮው ሲበላሽ፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ተዘግቶ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ሲጫወት የዋለ ልጅ በዚህ አይገባም።

ስለ ዱላው ብዙ አልልም። እህትህን ለምን መታህ ብሎ የሚመታ አባት የሚያስተምረው ምን እንደሆነ ራሱ ይፈልገው።

የመጨረሻው፣ ስልኩን ቀምቶ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ልጁ በማግስቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የሚገኘው። የመሀል ከተማ ልጅ ሌላ የት ይሂድ? ኳስ ይራገጥበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞበታል። ስለዚህ አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ፣ የአንድ ጨዋታ ሒሳብ ክፈሉና ቁጭ ብላችሁ እዩ፦ ማን አለ፣ ምን ይጫወታሉ፣ በብር ይወራረዳሉ ወይ፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው? ቤቱ ካላማራችሁ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሳሎናችሁ ውስጥ እንዲጫወት ፍቀዱለት፣ ጫጫታውንም ቻሉት።