የሚከትፍ እንጂ የማያላሽቅ፦ ለቤታችን ፉድ ፕሮሰሰር እንዴት እንምረጥ?

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ለሁለት ዶሮ የሚሆን ሽንኩርት ተልጦ በሳፋ ተቀምጧል። እናቴ አዲሱን ማሽን አይታ «ዘንድሮስ ዓይኔ ሊያርፍ ነው» አለችና ቢላዋዋን አስቀመጠች። እኔም ሳህኑን እስከ አፉ ሞላሁት። ክዳኑን ገጥሜ አስነሳሁት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ስከፍተው ከታች ያለው አረፋ የያዘ ጭማቂ ሆኗል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ምላጭ የነካው አይመስልም። ድስት ውስጥ ሲገባ ሽንኩርቱ መቁላላቱን ትቶ መፍላት ጀመረ። ውሃው እስኪመጥ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ እሳት ዳር ቆምን። እናቴ ምንም አልተናገረችም። የቀረውን በቢላዋ ከተፈችው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለእህቶቼም ማሽን ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሽንኩርት ይከትፋል ወይስ ያላሽቃል? በእኛ ቤት አብዛኛው ወጥ የሚጀምረው በሽንኩርት ነው። ይህን ፈተና ያለፈ ማሽን ጎመኑም ካሮቱም አያቅተውም።

1. ስሙን ሳይሆን ሥራውን ለዩ

ሱቅ ገብታችሁ «መፍጫ» ካላችሁ ሦስት የተለያየ ዕቃ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ብሌንደር ጠባብና ረጅም ጆግ አለው፤ ፈሳሽ ካልገባበት በደንብ አይሠራም። ለጁስ፣ ለቲማቲም፣ ለሾርባ ነው። የቡና መፍጫ ደረቅ ነገር ያደቃል፤ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ። ፉድ ፕሮሰሰር ግን ሰፊ ሳህን አለው፤ ያለ ውሃ ይከትፋል። አንዱን በሌላው ቦታ ስንጠቀም ነው ምግቡም ዕቃውም የሚበላሸው። በርበሬና ሽሮ በፉድ ፕሮሰሰር አይሞከርም፤ የእነሱ ቦታ ወፍጮ ቤት ነው።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አስቡ። ምን ስትከትፉ ነበር? ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ብቻ ከሆነ ቾፐር የሚባለው ትንሹ ይበቃችኋል። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ የሚበዛበት ቤት ከላይ የሚገጠም መቁረጫና መፈቅፈቂያ ዲስክ ያለው ይግዛ። የዳቦ ሊጥ የምታቦኩበት ከሆነ ትልቅና ከባድ ያስፈልጋል። የእንጀራን ቡኮ ለእጃችሁ ተዉት፤ ብዛቱም ከሳህኑ በላይ ነው።

2. መጠኑን በበዓል ሳይሆን በአዘቦት ቀን ለኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የበዓሉን ሽንኩርት አስቦ ትልቁን ይገዛል። ከዚያ በአዘቦት ቀን አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሲጨምርበት በሳህኑ ግድግዳ ላይ ተረጭቶ ይቀራል፤ ምላጩ አያገኘውም። ለአራትና ለአምስት ሰው ቤት 2 ሊትር አካባቢ ጥሩ ነው። የበዓሉን በአምስት ዙር ብትከትፉት ጠቅላላው አሥር ደቂቃ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሊትር ሳህኑ እስከ አፉ ሲሞላ ነው። በተግባር የምትጠቀሙት ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለሽንኩርት ደግሞ ከግማሽ በታች ብታደርጉት እመክራለሁ።

የሳህኑን ዓይነትም እዩ። ብረቱ ሽታና የበርበሬ ቀለም አይይዝም፤ ግን ውስጡ አይታይም። ሽንኩርት ደግሞ በአንድ ሰከንድ ነው ከልኩ የሚያልፈው። መስታወቱ ይታያል፤ ይከብዳል፤ ከወደቀም አለቀለት። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ እርድ ቢጫ ያደርገዋል፤ ትኩስ ነገር ሲገባበትም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለጀማሪ የሚታየውን እመርጣለሁ።

3. ምላጩንና ፑልሱን በደንብ መርምሩ

ፑልስ የሚባለው ስትጫኑት የሚዞር፣ ስትለቁት ወዲያው የሚቆም ቁልፍ ነው። ይህ የሌለውን ማሽን አትግዙ፤ ዋጋው ቢረክስም። ሽንኩርት ውስጡ ውሃ ነው። ምላጩ ሳያቋርጥ ሲዞር ታች ያለውን ደጋግሞ ይመታዋል፤ ጭማቂው ይወጣል፤ ጣዕሙም መረር ይላል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ደረቁን ነው የምናቁላላው። ውሃ የሆነ ሽንኩርት ቁሌት አይወጣውም።

ስለዚህ ሻጩ ሲያሳያችሁ ጣቱን ሲያነሳ ምላጩ ወዲያው ይቆም እንደሆነ እዩ። ከለቀቀውም በኋላ መዞሩን የሚቀጥል ከሆነ ተዉት። ምላጩ ከሳህኑ ወለል ምን ያህል እንደሚርቅም ተመልከቱ። በመሀከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ታች የቀረው ሽንኩርት ሳይቆረጥ ይቀራል። ባለ አራት ክንፍ፣ ሁለቱ ከታች ሁለቱ ከፍ ያሉ ምላጮች ላይኛውንና ታችኛውን አንድ ላይ ስለሚነኩ ለሽንኩርት ይመቻሉ።

ስለ ክትፎ ለሚጠይቁኝ፦ ይቻላል። ቀይ ሥጋው ጅማት የሌለው ይሁን። ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ዳር ዳሩ ጠንከር እስኪል ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ ከዚያ በፑልስ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ። ሙቅ ሥጋ ከሆነ ሊጥ ይመስላል። ጊዜ ካለ ግን የቢላዋውን ክትፎ የሚያክል የለም።

4. በዋት ብቻ አትሳቡ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት አንዳንዴ ሞተሩ ለቅጽበት የሚደርስበት ከፍተኛው ነው። ማሽኑን ገልብጣችሁ ከታች የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ለትንሽ ቾፐር 300 ዋት ይበቃል። ለመካከለኛው ከ500 እስከ 800 ጥሩ ነው። ሊጥ ለሚያቦካ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት፤ መቀመጫውም ከባድ ይሁን፤ ቀላሉ ሊጥ ሲይዝ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል።

እዚያው ጽሑፍ ላይ «KB» (ኬ ቢ) የሚል ምልክትና የደቂቃ ቁጥር ያለባቸው ማሽኖች አሉ። ሳያርፍ መሥራት የሚችለውን ጊዜ ነው የሚናገረው። አንድ ደቂቃ ካለ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አሳርፉት። የተቃጠለ ሽታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህን ካለማክበር ነው።

5. ከውጭ የሚመጣላችሁ ከሆነ

ወንድም ወይም እህት ከአሜሪካ «ላምጣልሽ?» ሲሉ ደስ ይላል፤ ግን ቶሎ እሺ አትበሉ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ የሚባለው መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገር ቁጥር ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የሶኬት መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፤ በቀጥታ ከሰካችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፤ ነገር ግን ከማሽኑ ዋት በላይ መቻል አለበት፤ ይከብዳል፤ ኸርዙንም አይለውጥም። እኔ ከአሜሪካ ፉድ ፕሮሰሰር እንዲመጣ አልመክርም።

ኩዊዚናርት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያገለገለ ፉድ ፕሮሰሰር ከተላከላችሁ ደግሞ ምላጩን አጥብቃችሁ እዩ። ኩባንያው በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 8 ሚሊዮን ያህል ማሽኖችን ምላጭ ለመቀየር ጥሪ አድርጓል። በአራት ሪቬት (ክብ ራስ ባለው የብረት ማያያዣ) የተያያዘው የብረት ምላጭ እየተሰነጠቀ ስባሪው ምግብ ውስጥ ይገባ ነበር። ምላጩ ባለ ሪቬት ከሆነ ሳይቀየር አትጠቀሙበት።

ከዱባይ የሚመጣው በቮልቱም በኸርዙም ከእኛ ጋር ይሄዳል፤ ሶኬቱ ብቻ አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት እግሮች ስላሉት መቀየሪያ ይፈልጋል። ከእስራኤልም እንዲሁ፤ የሚለየው የሶኬቱ ቅርጽ ነው። ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ «50/60» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ። ከአውሮፓ ባለ ሁለት ክብ እግሩ እንዳለ ይሰካል።

6. ሱቅ ውስጥ አታፍሩ፣ አስከፍቱ

ካርቶኑን ብቻ አይቶ መግዛት የለም። አስከፍቱና ክዳኑን ራሳችሁ ግጠሙ። እናታችሁ የምትጠቀምበት ከሆነ የእሷን እጅ አስቡ፤ ጣቷን የሚያማት ሰው እየታገለ የሚገጥመው ክዳን ጥቂት ጊዜ ሞክሮ መደርደሪያ ላይ ይረሳል። ክዳኑ ሳይገጠም ማሽኑ መነሣት የለበትም። ከተነሣ፣ በተለይ ልጅ ላለበት ቤት፣ አደገኛ ነው።

ባዶውን ለጥቂት ሰከንድ አስነሡት። ምላጩ ሲዞር ይወዛወዛል? ሳህኑን ይፍቃል? ይሸታል? ከዚያ ስለ መለዋወጫ ጠይቁ። ሞተሩ ደህና ሆኖ የሳህኑ ጆሮ ወይም የክዳኑ መቆለፊያ ተሰብሮ የተጣለ ማሽን ስንት ቤት አለ! ሳህኑና ምላጩ ለብቻቸው የሚገኙበትን ሞዴል ምረጡ፤ ጥቂት ብር ብትጨምሩበትም። የጋራንቲውን ወረቀት ማኅተም አስደርጉበት፤ ደረሰኙንም በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል።

7. እቤት ስትገቡ

በዚያው ሳምንት፣ ደረሰኙ ሳይቆይ፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ላይ ሞክሩት። ሽንኩርቱን አራት ቦታ ቁረጡ። ሳህኑን ከግማሽ በታች ሙሉ። ተጫኑ፣ ልቀቁ፤ ተጫኑ፣ ልቀቁ። ከአራተኛው በኋላ ሶኬቱን ነቅላችሁ ክፈቱና በማንኪያ ከዳር ወደ መሀል መልሱት። ሌላ ሦስት አራት ጊዜ ይበቃዋል። እፍኝ ያህሉን ነጭ ሳህን ላይ በትኑት። ፍሬው ተቀራራቢ ከሆነና ከሥሩ ውሃ ካልወጣ ማሽኑ ይሁናችሁ። ግማሹ ጭማቂ፣ ግማሹ ጉርድ ከሆነ በነጋታው መልሱት። ዝንጅብል ስትሞክሩ አስቀድማችሁ ጭረቱን አቋርጣችሁ በስሱ ቁረጡት፤ አለበለዚያ ክሩ ምላጩ ላይ ይጠመጠማል።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ እጃችሁ ሳህኑ ውስጥ ሳለ ሊመጣ ይችላል። ስታጥቡም ምላጩን ሳሙና ያለበት ሳፋ ውስጥ ከሌላው ዕቃ ጋር አትንከሩት። አረፋው ይሸፍነዋል፤ የሚያጥበው ሰው እጁን ሲከት ይቆርጠዋል። ለብቻው ከጀርባው ይዛችሁ በብሩሽ እጠቡት። የክዳኑን ጎማ አውጥታችሁ እጠቡ፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ፕላስቲክ ሳህን እርድ ከያዘው ከሳሙናው በፊት ትንሽ ዘይት አሹበት።