ስክሪን ላይ ልክ፣ ወረቀት ላይ ስህተት፦ ለቴክኒካል ድሮዊንግና ለአውቶካድ ተማሪዎች ችግርና መፍትሄ

በአውቶካድ፣ በኮምፒውተር መሳያው ፕሮግራም፣ መስመር መሳል፣ ሌየር መክፈት፣ ዳይሜንሽን (የልኬት ቁጥር) ማስገባት ትችላላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። «ኮምፒውተሩ አልበራም» ለሚል እዚህ መልስ የለም። በሴሚስተር መጨረሻ ከአራት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ ባለው መንገድ ጥቅል ወረቀት ይዞ የሚሮጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የሚያማርረው ስለ አንድ ነገር፣ ታትሞ የወጣው ስዕል ከተጻፈበት ስኬል ጋር አለመስማማቱ፣ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው። የቀሩት በአጭሩ ይመጣሉ።

ምልክት፦ ወረቀቱ «ስኬል 1:50» ይላል፣ ማስመሪያው አይስማማም

3 ሜትር ግድግዳ በ1:50 ወረቀት ላይ 60 ሚሊሜትር መሆን አለበት። መምህሩ ማስመሪያ ያሳርፉበታል፤ 42 ይወጣል። ወይም 57። ወይም 6። ተማሪው «ስክሪኑ ላይ ልክ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። ችግሩ ያለው ስዕሉ ከስክሪን ተነስቶ ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ባለው መንገድ ነው። የት ጋ እንደተበላሸ ሳያውቁ ኮፒ ቤት ሄዶ «ትንሽ አሳድገህ አትምልኝ» ማለት ብር ማቃጠል ነው። ወደ 60 ቢጠጋላችሁም ሌላኛው ገጽ ላይ ይከዳችኋል።

መጀመሪያ ማስመሪያችሁን መርምሩ። የኤ4 ወረቀት ረጅሙ ጎን 297 ሚሊሜትር ነው። በ30 ሳንቲም ማስመሪያ ለኩት፤ 295 ወይም 299 ካነበባችሁ ጣሉት። መንገድ ላይ የሚሸጡት ስስ የፕላስቲክ ማስመሪያዎች ጫፋቸው ይበላል፣ አንዳንዶቹ ሲሠሩም ልክ አልነበሩም። ጫፉ ያለቀ ማስመሪያ የግድ ከሆነባችሁ ከ10 ጀምራችሁ ለኩና 10 ቀንሱ።

ከዚያ ይህን ሳታደርጉ ምንም አታሳትሙ፦ ሌይአውቱ (ወረቀቱን የሚወክለው ገጽ) ላይ፣ ቲትል ብሎኩ (ስምና ስኬል የሚጻፍበት ሳጥን) አጠገብ፣ 100 ሚሊሜትር የሚሆን ቀጭን አግድም መስመር ሳሉ። ሞዴል (ስዕሉ ራሱ የሚሳልበት ቦታ) ውስጥ ወይም ቪውፖርት (ሞዴሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳየው መስኮት) ውስጥ ገብታችሁ እንዳትስሉት፤ ወረቀቱ ራሱ ላይ ይሁን። ከታተመ በኋላ ለኩት። የምታነቡት ቁጥር ጥፋተኛውን ይጠቁማል።

71 ገደማ ከሆነ ለኤ3 የተዘጋጀ ሥራ ኤ4 ላይ ታትሟል። ወረቀቶቹ የሚለያዩት በ0.707 ስለሆነ 1:50 ያላችሁት 1:71 ሆኗል፤ ያ 42 ሚሊሜትር የመጣውም ከዚህ ነው። 141 ካነበባችሁ ተቃራኒው ነው፣ ኤ4 ወደ ኤ3 ተለጥጧል። አንዲት ተማሪ የፕሮጀክት ሥራዋን በሙሉ እንዲህ አሳትማ መጣች። ኮፒ ቤቱ ኤ3 አልቆበት ነበር፤ ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ሳይጠይቃት ኤ4 ላይ አወጣና «ያው ነው፣ ሁሉም ይነበባል እኮ» አላት። ይነበባል። አይለካም። እንደገና አሳተመች፣ ከኪሷ።

ከ93 እስከ 98 ያለ ቁጥር ከሆነ ፒዲኤፍ ማንበቢያው ነው የቀነሰው። ሲያትም «ፊት» የሚለው (በእንግሊዝኛ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» ማለት ነው) ተመርጦ ስለሚቆይ ገጹን በፕሪንተሩ ጠርዝ ልክ ያሳንሰዋል። «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 ፐርሰንት እንዲመረጥ አድርጉ። ኮፒ ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ መስኮቱን በዓይናችሁ እዩት፤ «አዎ አድርጌዋለሁ» የሚል ቃል አትቀበሉ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ቀኑን ሙሉ መታወቂያና ማመልከቻ ሲያትሙ ስለሚውሉ ለእነሱ «ፊት» ትክክለኛው ምርጫ ነው።

መስመሩ ከወረቀቱ አልፎ ከጠፋ አውቶካዱ የፕሎት (የማተሚያ) መስኮት ላይ ኢንች ተመርጧል። ወደ ሚሊሜትር መልሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ስዕላችሁን ስክሪን ላይ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለኮፒ ቤት በቴሌግራም አትላኩ። የሚልክ አለ! ስክሪንሾትም ቢሆን እንደዚያው። ፎቶ ውስጥ ስኬል የሚባል ነገር የለም፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን ሲልክ ጨምቆ ያሳንሰዋል። ፒዲኤፉን በፋይልነት ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ውሰዱ።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ኮፒ ቤት ሄዶ የአውቶካዱን ፋይል ራሱን ማስከፈት የድሮ ልማድ ነው። እነሱ ያላቸው ቨርዥን የቆየ ከሆነ በ2018 ፎርማት የተቀመጠ ፋይል አይከፈትላቸውም፤ ቢከፈትም ፎንቱና የመስመር ውፍረቱ ይለወጣል። የግድ ከሆነ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ወደ 2007 ወይም 2010 ፎርማት አውርዱት። ይሁን እንጂ ፒዲኤፍ ውሰዱ።

የመፈተኛው መስመር 100 ሆኖ ግድግዳው ብቻ ከተሳሳተ

ወረቀቱና ኮፒ ቤቱ ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ፋይላችሁ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ቪውፖርት ነው። ተማሪው 1:50 ብሎ ያስተካክላል፣ ይረካል፤ ኋላ አንዲት በር ለማረም ቪውፖርቱ ውስጥ ሁለቴ ነክቶ ይገባና የማውሱን ጎማ ያንከባልላል። ያቺ ጎማ ስትዞር ስኬሉ 1:50 መሆኑ ይቀራል። ዓይን አይለየውም፣ ማስመሪያ ይለየዋል። መፍትሄው፦ ከቪውፖርቱ ውጡ፣ ጠርዙን ምረጡ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስኬሉን መልሱና «ዲስፕሌይ ሎክድ» የሚለውን «የስ» አድርጉ። ከተቆለፈ በኋላ ውስጥ ገብታችሁ ጎማውን ብታዞሩ ወረቀቱ በሙሉ አብሮ ይቀርባል እንጂ ስኬሉ አይነካም። ላብራቶሪ ውስጥ ያሉት ጎማቸው የሚዘል ርካሽ ማውሶች ስላሉ ሳትነኩት ሊዞርም ይችላል። ቆልፉ።

ሁለተኛው የመለኪያ ጣጣ ነው፤ ይህ የአገራችን ነገር ነው። ግንበኛው «በሩ 90 በ210» ይላል፣ ብሎኬቱን «ባለ 20» ይለዋል፤ በሳንቲም ማለቱ ነው። ባለቤቱ «ሳሎኑ 4 በ5» ሲል በሜትር ነው። የድሮዊንግ መጽሐፉ ሁሉን በሚሊሜትር ይጽፋል። ተማሪው ከሦስቱም ሰምቶ ቁጭ ሲል ያው ግድግዳ አንድ ጊዜ 3፣ አንድ ጊዜ 300፣ አንድ ጊዜ 3000 ሆኖ ይገባል። አውቶካድ ሦስቱንም ሳይጠይቅ ይስላል። ቪውፖርት ላይ የሚመረጠው 1:50 ግን ልክ የሚሆነው ሞዴሉ በሚሊሜትር ከተሳለ ነው። በሳንቲሜትር የሳለ ሰው ግድግዳው 6 ሚሊሜትር ሆኖ ይታተምለታል፤ በሜትር የሳለ ደግሞ ነጥብ ያያል።

መፍትሄው፦ ሞዴሉን በሙሉ መርጣችሁ «ስኬል» በሚለው ትዕዛዝ ከሳንቲሜትር ከሆነ በ10፣ ከሜትር ከሆነ በ1000 አባዙ። ከዚያ የምታውቁትን አንድ ርቀት በ«ዲስት» ለኩ። በሩ 900 ካላለ አልተስተካከለም። «ዩኒትስ» ከፍቶ ሚሊሜትር መምረጥ ብቻውን የተሳለውን በአንድ ፀጉር አያሳድገውም፤ ከውጭ የሚገባ ብሎክ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ስዕል) በምን መጠን እንደሚገባ ነው የሚወስነው። ይህን ደጋግሜ ተናግሬ ጉሮሮዬ ነቅቷል። አሮጌ የቤት ዕቃ ብሎክ ስታስገቡ ወንበሩ ሳሎኑን የሚያክል ከሆነ ወይም ከናካቴው የማይታይ ከሆነ ምክንያቱ እዚሁ ነው፤ መጠኑ 25.4 ጊዜ ከተለያየ ብሎኩ በኢንች የተሳለ ነው።

ሦስተኛው ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ተማሪው ስዕሉ ወረቀት አልገባ ሲለው ሞዴሉን ራሱን በ0.02 ያሳንሰዋል። ዳይሜንሽኑ 3000 መሆኑ ቀርቶ 60 ይላል። ከዚያ እያንዳንዱን ዳይሜንሽን ሁለቴ እየነካ «3000» ብሎ በእጁ ይጽፍበታል። አንድ ልጅ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ፕላን እንዲህ አድርጎ አመጣ፤ ያማረ ሥራ ነበር። «ግድግዳውን በ500 ግፋው» ብዬ ስትሬች (የስዕሉን ክፍል መለጠጫ ትዕዛዝ) አስደረግኩት። ግድግዳው ከገጹ ወጥቶ ሄደ፣ ቁጥሩ ግን 3000 ብሎ ቁጭ አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እንዲህ ያለ ፋይል በእጃችሁ ካለ ዳይሜንሽኖቹን ሁሉ ምረጡ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ቴክስት ኦቨርራይድ» የሚለውን ባዶ አድርጉ፣ ቀጥሎ ሞዴሉን በ50 አባዙ። በስንት እንዳሳነሳችሁት ከረሳችሁ «ስኬል» ውስጥ «ሬፈረንስ» ምረጡ፤ የበሩን ሁለት ጫፍ ነክታችሁ 900 ብትሉ ስሌቱን ራሱ ይሠራላችኋል። ሁሉንም ነገር በእውነተኛ መጠኑ ሳሉ፤ ስኬል የወረቀት ጉዳይ ነው።

የቀሩት

*የተቆራረጠው መስመር ድፍን ሆኖ ይታያል።* የማይታየው ጠርዝ ድፍን ሆኖ ከታተመ መምህሩ እንደ ስህተት ነው የሚይዙት። የመስመሩን ቁርጥራጭ መጠን የሚወስኑትን «ፒኤስኤልቲስኬል»ንም «ኤልቲስኬል»ንም 1 አድርጉ፣ ከዚያ በ«ሪጀንኦል» ስዕሉን አሳድሱ። አሁንም ድፍን ከሆነ መስመሩ መጀመሪያውኑ ከኢንች ዝርዝር የተጫነ ነው፤ «አካድአይሶ» ከሚለው ዝርዝር እንደገና ጫኑት።

*ቢጫና ሰማያዊ መስመሮች ፈዝዘው ይወጣሉ።* ፕሎት ስታይሉን «ሞኖክሮም» (ሁሉም በጥቁር) አድርጉ።

*የአማርኛው ጽሑፍ ጥያቄ ምልክት ወይም ሳጥን ሆኗል።* የአውቶካድ የራሱ ፎንቶች ፊደላችንን አያውቁም። «ስታይል» ውስጥ ኢብሪማን ምረጡ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ ይገኛል። ኒያላን ከፈለጋችሁ ከዊንዶውሱ አማራጭ ፎንቶች ጋር መጫን ይኖርባችኋል። ዩኒኮድ ባልሆነው በድሮው ፓወር ግዕዝ የጻፈ ተማሪ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ያያል፤ ጽሑፉን እንደገና መጻፍ ይሻለዋል።

*ሀች (የተዘጋ ቦታን በመስመር መሙያው) አልሞላም ይላል።* ጥግ ላይ ክፍተት አለ። አጉሉና ዝጉት።

*መብራት ሄዶ ሥራው ጠፋ።* ብዙ ጊዜ አልጠፋም። ፋይሉ ባለበት ፎልደር በዚያው ስም «ባክ» የሚል ፋይል አለ፤ መጨረሻውን ወደ አውቶካዱ ፋይል ዓይነት ቀይሩና ክፈቱት። እሱ ከቆየ በራሱ ጊዜ የተቀመጠው ፋይል መጨረሻው «ኤስ ቪ» ሆኖ የዶላር ምልክት የተከተለበት ነው፤ የት እንደሚቀመጥ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፋይልስ» ላይ ይታያል። አውቶካዱን ከፍታችሁ በደንብ ከመዝጋታችሁ በፊት ቅጂ አውጡለት። «ሴቭታይም» (በራሱ የሚያስቀምጥበት የጊዜ ልዩነት) ሲመጣ 10 ደቂቃ ላይ ነው፤ 3 አድርጉት። ባትሪው ሞቶ ከጠረጴዛ ስር የሚጮህ ዩፒኤስን አትመኑ፤ ይጮህና አብሮ ይጠፋል።

*«ኦፕን» ስትሉ መስኮት መከፈቱ ቀርቶ ከታች ስም ይጠይቃል።* «ፋይልዲያ» ብላችሁ 1 አድርጉት።

*መምህሩ «ቪውዎቹ ተደባልቀዋል» አሉ።* ቪው አንድ ዕቃ ከየአቅጣጫው ሲታይ ያለው ስዕል ነው፤ አደራደሩ ፈርስት አንግል ወይም ሰርድ አንግል ይባላል። ይህ በእጅ ሲሳልም ያው ነው። በፈርስት አንግል ከላይ የታየው ከፍሮንት ቪው በታች ይሄዳል፣ ከግራ የታየው በቀኝ። በሰርድ አንግል ከላይ የታየው ከላይ፣ ከግራ የታየው በግራ። የተማሪ ስህተት ሁልጊዜ ግማሽ ግማሽ ነው፦ ከላይ የታየውን ከላይ ያስቀምጥና ከግራ የታየውን በቀኝ ይወረውራል። የትኛው አንግል እንደሆነ የሚያሳየውን ጫፉ የተቆረጠ የኮን ምልክት ቲትል ብሎኩ ላይ አስቀድማችሁ ሳሉና እያያችሁት አስቀምጡ። ከባለ ሦስት አውታር ሞዴል በ«ቪውቤዝ» የምታወጡ ከሆነ ደግሞ የትኛው እንደተመረጠ «ቪውኤስቲዲ» ውስጥ እዩ፤ አንዴ ከወጡ በኋላ እዚያ ብትቀይሩት የወጡትን አይመልስላችሁም፣ አጥፍታችሁ እንደገና ማውጣት ነው።