በዘፈን ታጅቦ ማጥናት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታናሽ እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ኢርፎን ከጆሮዋ አይወጣም ነበር። አንድ ማታ ባዮሎጂ ስታጠና ጎኗ ቁጭ አልኩ። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ነው፤ ከንፈሯ ግን ዘፈኑን ይከተላል። ገጹን ገለጠች። «ምን አነበብሽ?» ስላት ተመልሳ ወደ ኋላ ገለጠች።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ግጥም ያለው ዘፈን ከፍቶ መሸምደድ። ቃል የምንይዘው በውስጣችን እየደጋገምን ነው። ከውጭ ሌላ ቃል ሲገባ ይሻማዋል። «የኮሪያ ዘፈን ነው፣ ቋንቋውን አልችልም» ማለትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮልና ዌልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ፊደሎችን በቅደም ተከተል ለሚይዙ ሰዎች የጀርመንኛ ንባብ አሰሟቸው። ጀርመንኛ አይችሉም፤ ስህተታቸው ግን በረከተ።

ሁለተኛው ጓደኛን መቅዳት ነው። «እሱ ዘፈን ከፍቶ እያጠና አንደኛ ይወጣል!» ይባላል። ሰው ግን ባሕሪው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈርንሃምና ብራድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሰው ጋር መጫወት የሚወዱ ተጫዋች ሰዎችንና ዝምተኞችን ፖፕ ሙዚቃ እያሰሙ የማስታወስ ችሎታቸውን ፈተኑ። ወዲያው ሲጠየቁ ሁለቱም ተጎዱ። ከ6 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን ሙዚቃ የሰሙት ዝምተኞች ወደ ኋላ ቀሩ። የሥነ ልቦና ሊቁ ሃንስ አይዘንክ እንደሚለው የዝምተኛ ሰው አእምሮ ድሮውንም የነቃ ነው፤ ትንሽ ድምፅ ሲጨመርበት ይበዛበታል። ስለዚህ ዝምተኛውን ልጅ ጫጫታ ካፌ ወስዳችሁ «ለምን አልገባህም?» አትበሉት፤ እባካችሁ። ተጫዋቹም ቢሆን ፈቃድ አገኘሁ አይበል።

የሞዛርትን ክላሲካል ሙዚቃ መስማት ብልህ ያደርጋል የሚባለውን እርሱት። የወሬው መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ጥናት በ36 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው። የለካው ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ችሎታን እንጂ ማስታወስን አይደለም፤ ለውጡም ከሩብ ሰዓት አላለፈም።

ፈተናው በጸጥታ እንደሚሰጥ መዘንጋትም አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ጭጭ ባለ ክፍል ነው የሚቀመጠው። በአንድ ድምፅ ውስጥ ያጠናነውን በዚያው ድምፅ ውስጥ ማስታወስ ይቀለናል። ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በጸጥታ አጥኑ።

የመጨረሻው የኛ የቤተሰቦች ጥፋት ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ወጥ ስለሆነ ብዙ አይረብሽም። የሚረብሸው ከፍ ዝቅ የሚል ንግግር ነው፤ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያወራል። እኛ ቤት ከዚያ ማታ ወዲህ ከሁለት ሰዓት ዜና በኋላ ይዘጋል።