«አባ ጅፋር»ን በተርሚናል ስንፈልግ የሚገጥመን ጣጣ

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብዬ የሞባይል ዳታዬ ሊያልቅ ሲል ብሮውዘሩን እዘጋና ዊኪፒዲያን ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) በከርል፣ ማለትም የድር አድራሻ ሲሰጡት ይዘቱን በሚያመጣ ትእዛዝ፣ እጠይቃለሁ። ፎቶ የለ፣ ምን የለ፣ ጽሑፉ ብቻ ይመጣል። ጣጣው የሚጀምረው አማርኛ ስንጽፍበት ነው።

ኢንተር ስትጫኑ [1] 4312 ዓይነት ነገር ወጣ?

ዊኪፒዲያም የፍለጋ ቃል አልደረሰኝም ይላል። ጥፋቱ የ& ነው። በአድራሻው ውስጥ & መለያ ምልክት ነው። ሼሉ (ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዛችንን የሚያነበው ፕሮግራም) ግን «ይህን ከጀርባ አስኪደው» ማለት ይመስለዋል። አድራሻው እዚያው ይቆረጣል፣ ከ& በኋላ ያለው ቃላችሁ ጭራሽ አይላክም። ሙሉ አድራሻውን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። ከዎርድ ኮፒ አድርጋችሁ ከሆነ ጥቅሱን ሰርዛችሁ በእጃችሁ ጻፉት። የዎርድ ጥቅስ የተጠማዘዘ ስለሆነ ሼሉ አያውቀውም። እኔን ግማሽ ሰዓት አስለፍቶኛል።

ከርል «አድራሻው ትክክል አይደለም» ካለስ?

በ«አባ» እና በ«ጅፋር» መሃል ያለው ክፍት ቦታ ነው። ፊደላችንም ራሱ መለወጥ አለበት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ስልት) 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት በአድራሻ ላይ % እና ሁለት ቁምፊ ይሆናል። «ጅማ» ብቻዋን 18 ቁምፊ! በእጅ አትሞክሩት፣ ቡናችሁ ይቀዘቅዛል። ከርል «ዳታ ዩአርኤልኢንኮድ» (--data-urlencode) የሚባል አማራጭ አለው፤ እሱ ይለውጥላችሁ። ከፊቱ ዳሽና ትልቁን ጂ መጨመር አትርሱ፤ ያለዚያ ጥያቄው በጌት (ቃሉ አድራሻው ላይ ተቀጥሎ) ሳይሆን በፖስት (ከአድራሻው ተለይቶ) ይሄዳል።

መልሱ መጥቶ በፊደል ፈንታ \ እና ዩ1305 ካያችሁ አትደንግጡ። 1305 የ«ጅ» የዩኒኮድ ቁጥር ነው፤ ጄኪው በሚባለው የጄሰን መልስ ማንበቢያ ፕሮግራም አሳልፉት፣ ፊደሉ ይመለሳል። ባዶ ሳጥን ከሆነ ግን የጎደለው ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑ።

ምንም ካልተገኘስ? መጀመሪያ አጻጻፉን ቀይሩ፤ «ጅማ» እና «ጂማ» ለማሽን ሁለት ቃል ናቸው። ካልሆነ የአማርኛው ዊኪፒዲያ ገና ትንሽ ነውና አድራሻው መነሻ ላይ ያለውን ኤኤም ወደ ኢኤን ለውጡ። የጅሬኑ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እዚያ አሉ፣ «አባ» በሁለት ቢ ተጽፎ።

403 የሚል የእምቢታ ኮድ ከመጣ ራሳችሁን አላስተዋወቃችሁም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዳሽ ትልቁ ኤ የስክሪፕታችሁን ስምና መገኛችሁን ስጡ። 429 ከሆነ አብዝታችሁ ጠይቃችኋል። ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ።